ከተዋናይቷ ጋር ቃሌን ስናርም

ክፍሉን መጀመሪያ ሳየው የገረመኝ ንጽሕናው ነው። እስር ቤት አዲሴ አይደለም። አገሬ ላይ ስምንት ወር ታስሬአለሁ፤ ክስ አልተመሠረተብኝም፤ አራሚ ሆኜ የምሠራበት ጋዜጣ ባለሥልጣናት ያልወደዱትን ነገር ስለጻፈ ነው። ያኛው ክፍል ሰው በሰው ላይ የሚተኛበት ነበር። ይህኛው ግን፣ ከሮም ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የስደተኞች ማቆያ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ከወለሉ ጋር የታሰሩ አራት አልጋዎችና በፕላስቲክ የታሸገ አንሶላ ነበረው። ያስገባችኝ ፖሊስ «ቫ ቤኔ?» አለችኝ። «ቫ ቤኔ» አልኳት። ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ በሩን ለምን እንደምትቆልፈው አልጠየቅኳትም።

የተያዝኩት ሮም ውስጥ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የሚባለው ሰፈር ነው። የጥገኝነት ጥያቄዬ ውድቅ ሆኖ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ካለፈበት ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ያገር ልጆች ካፌ በር ላይ ቆሜ ስለ ሥራ ሳወራ ሁለት ፖሊሶች ወረቀት ጠየቁኝ። ያለፈበትን ወረቀት ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። እንዲህ በአክብሮት የተያዘ ሰው ከዚያ በፊት የገጠማቸው አይመስለኝም።

በክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ ነጭ ሴት ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ቅንድባቸውን ሰቅለው ያወርዳሉ፤ ጉንጫቸውን ነፍተው ያስተነፍሳሉ። ከእብድ ጋር ቆለፉብኝ አልኩ በልቤ። በሩን ላንኳኳ ስል ዞር አሉ።

«አይዞሽ፣ አላበድኩም» አሉኝ በጣሊያንኛ። «ፊቴን እያሠራሁት ነው። ሃምሳ ዓመት የሠራ ፊት ባንድ ጊዜ ሥራ ሲፈታ ይታመማል።»

ሩሲያዊት የፊልም ተዋናይት ነበሩ።

እኔ ነገር መጠየቅ የምወድ ሰው ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ለቅሶ ቤት ገብታ ሟቹ ምን ይወድ ነበር ብላ ትጠይቃለች» ትለኛለች። እንኳን የሚወራ ታሪክ ያለው ሰው አግኝቼ፣ ዝምተኛውንም አልለቅም። ሴትዮዋ ደግሞ ሳይጠየቁ ብዙ የከረሙ ነበሩ። እኔ አልጋዬ ላይ፣ እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነን ሁለት ቀን ሙሉ አወራን።

ጣሊያንኛቸው ጉድ ነበር። ቋንቋውን የተማሩት የጣሊያን ፊልሞች ወደ ሩሲያኛ ሲመለሱ ለተዋናዮቹ ድምፅ እየሰጡ ነው። ስለዚህ ፍቅር መግለጥ፣ መቅናት፣ ከዳተኛ ባልን ከቤት ማባረር አሳምረው ይችላሉ፤ ባቡር ጣቢያው የት ነው ብሎ መጠየቅ ግን አይሆንላቸውም። አንድ ጠዋት ፖሊሷን ሳሙና ሲጠይቁ «ያለ እሱ መኖር አልችልም፣ እንደምታውቂው» ሲሏት ሰማሁ። ሁለት ሰጠቻቸው።

የተወለዱት ትልቅ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፣ እናታቸው ዳቦ ቤት ተቀጣሪ ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው የፊልም ሰዎች ወደ ከተማዋ መጡ። ከሞስኮ ይዘዋት የመጡት ተዋናይት ጀልባ መቅዘፍ ስላልቻለች በእሷ ምትክ ከጀርባ የምትቀረጽ ልጅ ፈለጉ።

«ስቀዝፍ ውዬ ማታ ላይ ዳይሬክተሩ እስቲ ዞር በይ አለኝ» አሉኝ። «ዞርኩ። ወደ ቤቴ ሳልመለስ ዕድሜዬ አለቀ።»

ሞስኮ ወስደው አስተማሯቸው። በወጣትነታቸው የጦርነት ፊልሞች ላይ የሚሞቱ ልጃገረዶችን ሆነው ይሠሩ ነበር። በጥይት ሞተዋል፣ በብርድ ሞተዋል፣ አንዴም በድልድይ ፍርስራሽ ሥር ሞተዋል። ፎቷቸው በቀን መቁጠሪያ ላይ ታተመ፤ ወታደሮች ላግባሽ እያሉ ይጽፉላቸው ጀመር። ከዚያ አንድ ስመ ጥር ዳይሬክተር እራት ጋበዛቸው። እራቱን በሉ፤ ቁርሱን ግን አብረው አልበሉም። ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን የሚፈልግ ፊልም ለዓመታት ጠፋ።

«ታዲያ ምን ሠሩ?» አልኳቸው።

«ድምፄን ሸጥኩ። ድምፅ እራት አይጋበዝም።»

የጣሊያን ሚስቶች ድምፅ ሆኑ፤ የልጆች ፊልም ላይ የቀበሮ ድምፅ ሆኑ። አገራቸው ሲፈርስ ስቱዲዮው የቤት ዕቃ መጋዘን ሆነ፤ እሳቸውም ገበያ ላይ ቆመው ካልሲ ሸጡ። ገዢዎቹ ፊታቸውን ሳይሆን ድምፃቸውን እየለዩ ይደነግጡ ነበር። ሲያረጁ እንደገና ተፈለጉ፤ በቴሌቪዥን ድራማ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አያት ሆነው ብዙ ዓመት ሠሩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጦርነቱ መጣ።»

አንድ የሽልማት ዝግጅት ላይ እንዲያነቡት ወረቀት ሰጧቸው፤ ጦርነቱን የሚያወድስ ወረቀት። መድረክ ላይ ወጡ፤ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉት፤ ሕዝቡን እያዩ ዝም ብለው ቆሙና ወረዱ። አንዲት ቃል አልወጣቸውም። በሳምንቱ ድራማው ውስጥ ያቺ አያት ለዕረፍት ገጠር ሄደች ተባለ። ስትመለስ ሌላ ሴት ነበረች።

«የልጅ ልጆቿ ልዩነቱን አላስተዋሉም» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ደንግጬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ቤታቸው ድረስ ፖሊስ መመላለስ ሲጀምር በአንድ የፊልም ዝግጅት ግብዣ ሮም መጡና ቀሩ። ቪዛቸው አለቀ። ኦስቲያ ውስጥ ባዳንቴ ሆነው አንዲት አልጋ ላይ የዋለች ጣሊያናዊት እያጠቡና እያበሉ ይኖሩ ነበር። ወደ ኦስቲያ በሚሄደው ባቡር ላይ ወረቀት ሲጠየቁ አልነበራቸውም።

የእኔ ጉዳይ የሚታየው በሦስተኛው ቀን ነበር። ጠበቃዬ ይግባኝ ብሎልኝ ዳኛ በቪዲዮ ልታነጋግረኝ ነው። ዳኛዋ እምቢ ካለች በአውሮፕላን ይመልሱኛል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ የሚያወርደኝ ያሰሩኝ ሰዎች እጅ ላይ ነው። ምሳዬን ሳልነካ ስመልስ ሴትዮዋ አዩኝ።

«መጀመሪያ ለምን ውድቅ አደረጉሽ?» አሉኝ።

ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ውድቅ ያደረገችኝን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ፤ «አመልካቿ በእስር ላይ በነበረችበት ጊዜ ደህና እንደነበረች ተናግራለች።»

«እንዲህ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

መጀመሪያ የጥገኝነት ቃሌን የተቀበለኝ ሽበታም ሰው ነበር። «እስር ቤት ውስጥ እንዴት ነበርሽ?» ሲለኝ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ደህንነቴን የጠየቀኝ መሰለኝ። እኛ ዘንድ እንዴት ነህ የተባለ ሰው፣ አልጋ ላይ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ያመሰግናል። ችግሩ የሚወራው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ ተብሎ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነበርኩ» አልኩ። ፈገግ ሳልልም አልቀረሁም። አስተርጓሚው በታማኝነት ተረጎመ፤ ሰውየው ጻፈና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። የሰው ስሕተት ስለቅም የኖርኩ ሴት የራሴን ሳላየው ፈረምኩበት።

ሴትዮዋ ይህን ስነግራቸው ብድግ ብለው ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አሰሩና አልጋቸው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሌላ ሰው ሆኑ። ዳኛ ሆኑ።

«እስር ቤት ውስጥ እንዴት ነበርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስ...»

«አቁሚ። እንደገና።»

ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው አላስታውስም። አውቄም፣ ተጠንቅቄም ምስጋናው ቀድሞኝ ይወጣል። አንዴ እንደምንም ዋጥኩትና በምትኩ «እርስዎስ ደህና ነዎት?» አልኩ። ያን ጊዜ ዳኝነቱ ቀርቶ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ኋላ ላይ ግን ተጣላን። ከሌሎቹ ነጥለው ብቻዬን ስላሰሩኝ ጨለማ ክፍል መናገር ስጀምር እጃቸውን አነሱና «እዚህ ላይ ድምፅሽ ይቆረጥ፤ እንባ ከመጣ አትጥረጊው» አሉኝ።

«ሲኞራ፣ ይሄ ፊልም አይደለም» አልኳቸው። «አሳሪዎቼ ፊት ያላለቀስኩትን ለዳኛ ብዬ አላለቅስም።»

ፊታቸው ቀላ። ያሰሩትን ፀጉራቸውን ፈቱት።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «ሦስት ፊልም ላይ እስረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሦስቱም ላይ አልቅሻለሁ። አንድም የታሰረ ሰው ጠይቄ ግን አላውቅም። ዳኛዋን ተያትና ለእኔ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ውሃ በተደፋበት ወለል ላይ፣ መብራት በሌለው ክፍል፣ ሃያ አንድ ቀን ብቻዬን እንደነበርኩ። የወፍጮ ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ እንደሚሰማ፣ ወፍጮው ዝም ያለ ቀን እሑድ መሆኑን እንደማውቅ። ሌላም ሌላም።

«የት ላይ ትቀመጪ ነበር?» አሉኝ።

«ጫማዬ ላይ።»

«ጫማው ሲርስስ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አስቤ መለስኩ። ሲጠራኝ የነበረው ጠባቂ ድምፅ ቀጭን ነው ወፍራም? በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየኝ ምኑ ነው? እጄን የት አደርግ ነበር? እየጠየቁኝ፣ እየመለስኩ፣ ለዓመታት እንደተዘበራረቀ ገጽ ውስጤ የነበረው ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ለካ ነገሩን ለራሴም በወጉ ነግሬው አላውቅም። ስጨርስ አላጽናኑኝም። «አሁን ሰማሁ» ብቻ አሉኝ።

ጠዋት ልወጣ ስል አንድ ነገር ጨመሩ።

«የዳኛዋን ፊት አትዪ። እሱን ካየሽ ለእሷ የሚታያት የዐይንሽ ቆብ ነው። ከስክሪኑ በላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ነጥብ እያት፤ ካሜራው እሷ ናት።»

«ዳኛን ዐይን ዐይኗን ማየት ነውር ይሆንብኛል።»

«ነጥቧ ዳኛ አይደለችም። ምንም አትልሽም።»

ክፍሏ ጠባብ ነበረች፤ ጠረጴዛ፣ ስክሪን፣ በሩ ላይ ያቺው ፖሊስ። አስተርጓሚው በስልክ ነበሩ፤ የሸመገሉ ያገሬ ሰው ድምፅ። ዳኛዋ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ስሜን፣ አገሬን፣ ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ከዚያም ያ ጥያቄ መጣ። አፌ «እግዚአብ» ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ደህና አልነበርኩም» አልኩ።

አስተርጓሚው ወዲያው አልተረጎሙትም። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ሥራቸው አልነበረም። ከዚያ ተረጎሙ።

ጥቁሯን ነጥብ እያየሁ ሁሉንም ነገርኩ። አላለቀስኩም። ፖሊሷ መገናኛ ሬዲዮዋን ስትቀንሰው ሰማሁ። ስጨርስ ዳኛዋ የምጨምረው እንዳለ ጠየቀችኝ።

«አለኝ» አልኩ። «መጀመሪያ ደህና ነበርኩ ያልኩት ውሸት አይደለም። ለጠየቀኝ ሰው ያለኝ አክብሮት ነው። እንዲሰረዝ አልፈልግም። ከሥሩ ደህና አልነበርኩም ተብሎ ይጻፍልኝ።»

«አሎራ»፣ እንግዲህ እንደማለት፣ ብላ ጻፈች። የጻፈችውን እንድታነብልኝ ለመንኳት። አነበበች። ሃያ ቀን ብላ ነበር። ሃያ አንድ ነው አልኳት፤ አስተካከለችው።

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ተፈቀደልኝ። ዕቃዬን በጥቁር ፌስታል ስሰበስብ ሴትዮዋ ያዩኝ ነበር። እሳቸው ጥገኝነት ጠይቀው አያውቁም። ለምን ስላቸው «እኔን ማን አሰረኝ? ዝም ብዬ ነው የቆምኩት። ካንቺ ፊት አፍራለሁ» ይሉ ነበር። በሩ ተከፍቶ ሳለ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሲኞራ፣ አገርዎ ላይ እንዴት ነበሩ?»

«ቤኔ»፣ ደህና፣ አሉ። ወዲያው ደግሞ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ለፖሊሷ የጥገኝነት ማመልከቻ እንድታመጣላቸው ሲነግሯት ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያንኛቸው የፊልም አልነበረም።

አሁን የምኖረው ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ተከራይቼ ነው፤ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እቀይራለሁ። ሴትዮዋም ወጥተዋል፤ የእሳቸውን መልስ እየጠበቁ ወደዚያችው በሽተኛ ተመልሰዋል። አንዳንድ እሑድ ኦስቲያ ሄጄ ባሕሩ ዳር እንቀመጣለን። አሁንም እጠይቃቸዋለሁ፤ አሁንም አልጨረስኩም።

አንድ ነገር ግን ያሳፍረኝ ጀመር። ለባዕድ ዳኛ የነገርኩትን ለእናቴ አልነገርኳትም። ከእስር የወጣሁ ዕለት ስታቅፈኝ ደህና ነበርኩ አልኳት፤ በዚያው ቀረ። ባለፈው እሑድ ከባሕሩ ዳር ደወልኩላት። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ዝናቡ ሁሉ አመስግነን ጨረስን።

«እማዬ፣ ያኔ ደህና አልነበርኩም» አልኳት።



«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የስንቅሽ ሰሃን ታጥቦ ይመለስልኝ ነበር። አንቺ መቼ ሰሃን አጥበሽ ታውቂያለሽ? ሌላ ሰው እንደበላው ገባኝ።»

«ሌላ ሰው እንደሚበላው እያወቅሽ በየቀኑ ስንቅ ታመጪ ነበር?»

«ታዲያስ። ብቀርማ ጠያቂ የላትም ይሉሽ ነበር።»