ከፍልሰታ እስከ ኅዳር ያልተቀየረ ዘይት

እናቴ ስትደውል እኔ ጎዴ፣ ቤታችን በር ላይ፣ የልጆቹን የደንብ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

«አባትሽ ትናንት ሞጣ በደኅና ገቡ፤ ማኅሌቱንም ቆመው አደሩ» አለችኝ።

«ተመስገን። መኪና ቶሎ አገኙ?»

«የምን መኪና? በሞተር ነው የሄዱት።»

«በማን ሞተር?»

«በሞተርሽ ነዋ።»

«ማን ነድቶላቸው?»

«እህትሽ ናታ! ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ነው የሸኛቸው።»

«ተመስገን» አልኩ ደግሜ። ሁለተኛው ተመስገን ከአፌ እንጂ ከልቤ አልወጣም።

ላልሰማ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ቢቸና ውስጥ ሲያገለግሉ ነው ያረጁት። በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ አንዱን እሑድ፣ በልጅነታቸው አብረዋቸው የተማሩ ወዳጃቸው ወዳሉበት የሞጣ ደብር ሄደው ማኅሌት ይቆማሉ። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ መናኸሪያ መቆሙ፣ ሰው እስኪሞላ መጠበቁ፣ ተጣጥፎ መቀመጡ ከመንገዱ ይልቅ ያደክማቸዋል። እኔ ወደ ጎዴ ሳልመጣ እዚያው የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፤ ገጠሩን የምዞርበት የራሴ ሞተር ነበረኝ። አባቴን ከኋላዬ አፈናጥጬ ሞጣ ባደርስ ከዚያ በላይ ምኞት አልነበረኝም።

አንድ ጊዜ ብቻ እሺ አሉኝ። ከቢቸና እስክንርቅ ደኅና ነበርን። ሞተሩ ሲሞቅ ግን የማውቀው አመሉ መጣ፤ ማርሹ ይጠጥራል፣ ነዳጅ ስሰጠው ድምፁ ብቻ ይጨምርና ጎማው አልከተል ይላል። ግንደወይን ሳንደርስ አንድ ዳገት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ልመልሰው ረገጥኩት፤ አልገባም። መሃል ላይ፣ ምንም ማርሽ ሳይዝ፣ ፎሌ ሆኖ ቀረ። ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ፍሬን ይዤ በሁለት እግሬ ቆምኩ። አባቴ ቀስ ብለው ወረዱና ጋቢያቸውን አራገፉ።

«አንቺ ተመለሽ ልጄ፤ እኔ መኪና አላጣም» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በቀጠሉት ሁለት ዓመታት ጽጌ ሲመጣ ለመንኳቸው። «መኪናው ይሻለኛል» ብቻ ነው መልሳቸው። የፈሩት ሞተሩን ይሁን እኔን፣ አንድም ቀን አልነገሩኝም።

ቸል ያልኩ እንዳይመስላችሁ። የኪሎሜትር መቁጠሪያው ከተበላሸ ቆይቶ ስለነበር ዘይት የምቀይረው በጾም ቆጥሬ ነው። የነቢያት፣ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ። ቅበላው ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሥር ያለውን ቡሎን አስፈትቼ አሮጌውን አስደፋለሁ፤ አዲሱን አስሞላለሁ። አንድም ቅበላ አላሳለፍኩም። ነነዌንና ጾመ ጽጌን አልቆጥራቸውም፤ አንዱ ሦስት ቀን ነው፣ ሌላው የፈቃድ ነው። ዘይቱንም ሞጣ ስሄድ፣ ውድ የሚባለውን ነበር የምገዛው። ባለመደብሩ ቤተሰባቸው ከጥንት ጀምሮ ሞጣ በንግድ የኖረ ሙስሊም አዛውንት ናቸው። አንድ ቀን ቆርቆሮውን ከእጄ ወስደው ጽሑፉን እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ይኼ የመኪና ነው፤ ለሞተር ሳይክል ሌላ አለ» ብለውኝ ነበር።

«ግድ የለም ሐጂ፣ ጥሩው ይሁንልኝ» አልኳቸው። ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ ይመስለኝ ነበር።

ማርሹ ባስቸገረ ቁጥር፣ ማርሽ ሲቀየር የሚያዘውን የፍሪሲዮኑን ገመድ አጠበቅኩ፣ አላላሁ፣ በአዲስ ቀየርኩ። አንድ መካኒክ «የማርሹ ጥርስ ተበልቶ ይሆናል፤ ካምቢዮው ተከፍቶ ይታይ» ሲለኝ ደንግጬ ተውኩት። ከዚያ ባለቤቴ ወደ ጎዴ ተዛወረና ሞተሩን ለታናሽ እህቴ ትቼላት መጣሁ። የቅበላዎቹን ቀን በካርቶን ጽፌ ከመቀመጫው ሥር ለጥፌላታለሁ። እሷ ደግሞ ጾም መግባቱን ሥጋ ቤት በር ላይ ደርሳ የምታስታውስ ልጅ ናት።

እናቴ ከነገረችኝ በኋላ ለእህቴ ሦስት ቀን አልደወልኩላትም። በአራተኛው ደወልኩ።

«እታለም፣ አኩርፈሻል አሉ» አለችኝ ገና ስታነሣው።

«ማን አለሽ?»

«ሦስት ቀን ዝም ያልሽው ሱባኤ ገብተሽ ነው?»

«ማርሹን ማን ሠራልሽ?»

«ማንም። ዘይት ቀየርኩ።»

«ዘይትማ እኔም እቀይር ነበር።»

«አንቺማ ቅበላ እየጠበቅሽ! ሞተሩ መቼ ክርስትና ተነሣ?»

ስትስቅ ቆይታ ነገረችኝ። ሐጂ መደብር ሄዳ «እኔ ምንም አላውቅም» ብላ ሦስት ጊዜ አስደግማቸዋለች። የዚህ ሞተር ዘይት አንድ ነው አሏት፤ ሞተሩንም፣ ካምቢዮውንም፣ የፍሪሲዮኑን ዲስኮችም የሚያርሰው እሱው ነው። አንዳንዱ የመኪና ዘይት እንዲያሟልጭ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ዲስኮቹ እርስ በርስ መያያዝ ያቅታቸዋል። የሞተር ሳይክሉን ሰጧት። ሞላችው፤ አሮጌው ጠርጎ እንዲወጣ ብላ በሳምንቱ ደፋችው፤ እንደገና ሞላችው።

«አሁን በየወሩ ነው የምቀይረው» አለችኝ።

«በየወሩ?»

«እንዴ፣ አንቺ የምትሮጪው ትምህርት ሲከፈት አይደል? ከፍልሰታ እስከ ኅዳር በአንድ ዘይት! አባባ የሚሄዱትም በዚያው ሰሞን። ካርቶንሽን ሳየው እኮ ሳቄ ነው የመጣው።»

ስልኩን እንደያዝኩ በጣቴ ቆጠርኩ። ሐምሌን ሞተሩ ቆሞ ይከርማል፤ ነሐሴ ሲጠባ ብዙም ያልሠራ ዘይት አስደፋለሁ። በመስከረም ሩጫው ይጀመራል፤ ጽጌ ሲጋመስ ዘይቱ ውሃ ሆኗል። አባቴን ስለምናቸው የኖርኩት ሁልጊዜ በዚያ ሰሞን ነበር።

«ጎበዝ» አልኳት።

ቅናት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ለአባቴ ሰግቼ ነው፣ መንገዱ አስፈርቶኝ ነው እያልኩ። ውዳሴ ማርያም ስደግም ሐሳቤ ሾልኮ ያን ዳገት ይወጣል። ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው፤ አባቴ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የምነዳው ግን እኔ አይደለሁም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«እህትሽ በደለችሽ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባ።»

«አባትሽንስ ጎዳቻቸው?»

«አድርሳቸዋለች እንጂ።»

ስግደት ሰጡኝ። እሰግዳለሁ። ስነሣ ያው ነኝ።

ይባስ ብሎ የአጎቴ ልጅ በሽኝቱ ዕለት ሞተሩ ላይ ሆነው ያነሣቸውን ፎቶ ላከልኝ። በሁለት ጣቴ እያሰፋሁ አየሁት። ከእኔ ጋር በሄዱባት ቀን አባቴ የያዙት የኋላውን ብረት ነበር፣ በሁለት እጃቸው። ፎቶው ላይ አንድ እጃቸው እህቴ ትከሻ ላይ አርፏል። አስፍቼ አይቼው ዘጋሁት፤ ደግሞ ከፈትኩት።

ለራሳቸውም ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደኅና ነው።»

«ዳገቱ ላይ አልፈሩም?»

«ምን ያስፈራል? ጥሩ አድርጋ ነው የነዳችው።»

ያን ጊዜ የወረዱት ማርሹ አስፈርቶዎት ነው ወይስ የእኔ አነዳድ ልላቸው አፌን ስከፍት፣ «ይኸው እናትሽን አናግሪያት» ብለው ስልኩን ሰጡ።

እህቴ እንደነገረችኝ፣ ሞጣ ደርሰው ሲወርዱ አባቴ ለወዳጃቸው አንድ ነገር ተናግረው ሁለቱም ስቀዋል። እሷ ሞተሩን ስላላጠፋችው አልሰማችም። «ስለ ሞተሩ መሰለኝ፤ ስምሽንም የጠሩ መሰለኝ» ብላ ተወችው። ይህችን ከሰማሁ ወዲህ ነው እንቅልፌ የተበላሸው።

እንግዲህ የምለምነው እናንተን ነው፤ ያን ቅዳሜ ደብሩ በር ላይ ቆማችሁ የተቀበላችኋቸውን። እሳቸው ቢጠየቁም «ምን አልኩ ደግሞ» ነው የሚሉት። አጠገባቸው የነበራችሁ ያሉትን እንዳለ ንገሩኝ። ሞተሩን አምተው ከሆነ፣ በመጪው ጽጌ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ ዘይቱን ራሴ አስቀይሬ አንድ ጊዜ ብቻ ከኋላዬ እንዲቀመጡ እለምናቸዋለሁ። እኔን አምተው ከሆነም ንገሩኝ፤ ዳግመኛ አላስቸግራቸውም። ብቻ ታዝናለች ብላችሁ አታለስልሱብኝ።