ለኦቦ ለሜሳ አውሮፕላን አንቴና ልተክል ባኮ የሄድኩ ጊዜ

ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ በማለዳ ተነሣሁ። በአንድ እጄ የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው ደግሞ ሁለት የመገናኛ ሬዲዮዎች በፎጣ ጠቅልዬ የከተትኩበት የቆርቆሮ ሳጥን ይዣለሁ። በዚያ ዘመን መገናኛ ሬዲዮ ይዞ አገር ማቋረጥ ቦምብ ይዞ ከመሄድ ብዙም አይለይም። ከግብርና ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ባይኖረኝ ኖሮ ሆለታ ኬላ ላይ እቀር ነበር።

የምሠራበት ሬዲዮ ቤት ባለቤት፣ «ባኮ አንድ ሰው አውሮፕላን ሠርቷል። አንቴናው የት ላይ ቢተከል እንደሚሻል የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል» ሲለኝ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም።

«ሰውየው የእርሻ መድኃኒት በሚረጩ አውሮፕላኖች ላይ ሜካኒክ የነበረ ነው። ተምች በቆሎውን ሲፈጀው ከላይ ልርጭበት ብሎ አስፈቅዷል። ሬዲዮ ሳይኖረው ግን ከመሬት እንዳይነሣ ተብሏል። ኦሮምኛ የምትሰሚ አንቺ ነሽ፤ ሂጂ።»

ኦሮምኛ የምሰማው ጊንጪ ተወልጄ ስላደግኩ ነው። ለመሄድ የተስማማሁትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ አውሮፕላኑ ብዬ ሳይሆን የጭልሞን ደን በመስኮት ለማየት ነበር።

እስከ አምቦ

አዲስ ዓለም ስንደርስ ሹፌሩ ለቁርስ አቆመ። መንገድ ዳር የሚሸጥ የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ በጋዜጣ አስጠቅልዬ ገዝቼ እዚያው ቆሜ በላሁ። ከጊንጪ በላይ ጭልሞ እንደ ጥቁር ብርድ ልብስ ተራራው ላይ ተኝቷል። ከጎኔ የተቀመጡት የጌዶ ነጋዴ ሳጥኔን ደጋግመው አዩና፣ «ምንድን ነው?» አሉኝ። «የስፌት መኪና ዕቃ» አልኳቸው። አልተቀበሉኝም፤ ግን ዝም አሉ። በዚያ ዘመን ሰው የማያምነውንም እየሰማ ዝም ይላል።

አምቦ አደርኩ። ማታ ፍል ውሃው ገብቼ የጉዞውን አቧራ ታጠብኩ። አልጋ ያከራየችኝ ሴት ልጇ ለውትድርና እንዳይታፈስ ወለጋ አጎቱ ጋ መላኳን በሹክሹክታ ነገረችኝ። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ፤ ከዚያ ደግሞ መናገሯ እያስፈራት፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» እያለች እስከ በሩ ተከተለችኝ።

ወደ ባኮ

ከጉደር በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጌዶ ይወጣል። ጌዶ ላይ ጋቢ ያስደርባል፤ ኢጃጂ ላይ ሹራብ ያስወልቃል። ባኮ ስንወርድ አየሩ እንደ ሞቀ ፎጣ ፊቴን ሸፈነኝ። ግራና ቀኝ በቆሎ ነው፤ ከበቆሎው በላይ የጭነት መኪኖች አቧራ።

ኦቦ ለሜሳ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ጠበቁኝ። ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ አንድ እግራቸውን የሚጎትቱ፣ ጣቶቻቸው በዘይት የጠቆሩ ሰው ናቸው።

«አካም ጅርቱ? ቴክኒሻኑስ የት አሉ?» አሉኝ፣ ከኋላዬ እያዩ።

«እኔው ነኝ።»

ተደናገጡ። ከዚያ ሳጥኑን ከእጄ ተቀበሉና፣ «በሉ ደግ፤ አንቴናው የሚተክለው ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቅም» አሉ።

ወደ ቤታቸው ሳይሆን በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ከቀበሌው አዳራሽ አጥር ጋር የተያያዘ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። የፊቱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የሚይዘውን ትልቅ በር ሲከፍቱት ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። እኔ የጠበቅሁት የልጆች መጫወቻ የሚመስል ነገር ነበር። ፊቴ የቆመው እውነተኛ አውሮፕላን ነው። ክንፉ ከመጋዘኑ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርሳል፤ አጥንቱ እንጨት፣ ቆዳው በቀለም የጠነከረ አቡጀዲ፤ አፍንጫው ላይ ከወደቀ የመርጫ አውሮፕላን የተረፈ ሞተር ተቀምጧል። መቀመጫው አንድ ብቻ ነው።

«አብራሪው ማን ነው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ።»

«አብርረው ያውቃሉ?»

«ከአብራሪዎች ጎን ተቀምጬ ብዙ አይቻለሁ» አሉ።

ሌላው ድንጋጤ አፍንጫው ላይ ነበር። አንቴናውን ራሳቸው በትራፓኖ በስተው፣ ከነዳጁ ማጠራቀሚያ፣ ከሰርባቶዮው አጠገብ፣ ከኮምፓሱ ፊት ለፊት ተክለውታል። ሬዲዮውን ከባትሪ ጋር አገናኝቼ ቁልፉን ስጫን የኮምፓሱ መርፌ ዘወር አለ።

«አዩት? ወደ ሰሜን ልሂድ ሲሉ፣ በተናገሩ ቁጥር ሌላ አቅጣጫ ያሳይዎታል። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ የካንዴላው ብልጭታ ሬዲዮው ውስጥ ይንጫጫል። ከነዳጅ አጠገብስ ማን አስተከለዎት?»

«ሽቦው እንዲያጥር ብዬ ነው» አሉ፣ እንደ ተማሪ።

የቀሩን ቦታዎች ሦስት ነበሩ። ጅራቱ ላይ ቢሆን ሽቦው ረዝሞ የሬዲዮው ጉልበት መንገድ ላይ ያልቃል። የቀሩት ጀርባውና ሆዱ ናቸው። አካሉ ጨርቅ ስለሆነ የትም ቢተከል ከሥሩ ብረት ሊነጠፍለት ይገባል፤ አለዚያ አንቴናው እግር እንደሌለው ሰው ነው። ሰፊ አልሙኒየም ያስፈልገናል አልኩ። ኦቦ ለሜሳ ወጥተው ትልቅ ትሪ ይዘው ተመለሱ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ተከትለዋቸው መጡ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው።

«መጋረጃዬን ለክንፉ ወሰዱት። አሁን ደግሞ የሠርጌን ትሪ» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ወደ እኔ ዞረው፣ «በገ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ምሳ ቀርቧል» አሉኝ።

ምሳው ጩምቦ ነበር፣ ቅቤው እስከ ክርን የሚወርድ ወፍራም የጤፍ ቂጣ። ገበታው ላይ አራት ሰሃን ተቀምጧል፤ የበላነው ግን እኔና አዴ ጫልቱ ብቻ ነን። ኦቦ ለሜሳ ቁራሽ ይዘው ወደ መጋዘኑ ተመልሰዋል። አራተኛው ሰሃን የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አለ፤ ገመቹ የሚባል አንድ ልጃቸው ነው። ለውትድርና ከተወሰደ በኋላ ወሬው እንደጠፋ አዴ ጫልቱ በሁለት ቃል ነገሩኝ።

ሙከራው

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላኑን ጎረቤቶች ገፍተው በሩ ላይ አወጡልን። አንቴናውን ለጊዜው ጀርባው ላይ፣ ከክንፉ ኋላ አሰርኩት። እኔና ኦቦ ለሜሳ ሁለተኛውን ሬዲዮ ይዘን ከመጋዘኑ ፊት ያለው ሜዳ ጫፍ ድረስ ሄደን፣ ድምፁ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ እንዴት እንደሚሰማ ልንመረምር ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ያስፈልገናል።

«እኔ እናገራለሁ» አሉ አዴ ጫልቱ። ሁለታችንም ተገርመን አየናቸው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጥተው መቀመጫው ላይ ተቀመጡ።

«ይህን ቁልፍ ተጭነው ይናገራሉ። ተጭነው እስካሉ ድረስ ግን እኛን አይሰሙንም፤ ለመስማት ይልቀቁት» አልኳቸው።

«ምን ልበል?»

«እስከ ሃያ ይቁጠሩ። ከዚያ የፈለጉትን።»

ሜዳው ጫፍ ስንደርስ ቆጠራቸው ጥርት ብሎ መጣ። በጎን በኩል ዞርን፤ ጥሩ ነው። ወደ አፍንጫው ፊት ስንመጣ ግን ሞተሩ ስለሚጋርደው ድምፁ ሳሳ። ይህንን ለኦቦ ለሜሳ እያስረዳሁ ሳለ ቆጠራው ቆመ። ከዚያ በኦሮምኛ፣

«አባ ገመቹ፣ ትሰማኛለህ?»

ኦቦ ለሜሳ ፈገግ አሉ።

«ልጃችን ከተወሰደ ጀምሮ መጋዘን ገብተህ አልወጣህም። እኔ ገበታ ላይ ሦስት ሰሃን አቀርባለሁ፤ ብቻዬን እበላለሁ። አንዱን ወሰዱብኝ። አንተን ደግሞ ይህ ጨርቅ ሊወስድብኝ ነው።»

ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። እኔም ራቅ ልል ስል አንድ ነገር ሰማሁ። ከእጃችን ሬዲዮ የወጣው ቃል ትንሽ ቆይቶ ከከተማው በኩል ተደገመ፤ ጎላ ብሎ፣ እንደ ገደል ማሚቶ። «…ሊወስድብኝ ነው።»

«ይሄ ድምፅ ከየት ነው?» አሉ ኦቦ ለሜሳ።

ያኔ ገባኝ። ጠዋት ሴቶች ወደ አዳራሹ ሲገቡ አይቼ ነበር፤ የቀበሌው ስብሰባ! የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሽቦ በመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ከአንቴናችን ሁለት ክንድ አይርቅም። ማጉያው የአዴ ጫልቱን ድምፅ እየጠለፈ ለተሰበሰበው ሕዝብ ያሰማል።

«አዴ ጫልቱ፣ ይልቀቁት! ቁልፉን ይልቀቁት!» እያልኩ ሬዲዮው ላይ ጮኽኩ። ግን ቁልፉን ተጭነዋል፤ አይሰሙኝም። ኦቦ ለሜሳ እግራቸውን እየጎተቱ ሩጫ ጀመሩ። እኔም ሮጥኩ። ስንሮጥ ድምፁ ከእጄም ከከተማውም ይመጣል።

«በሕይወት አለ ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ቀበሌ ብሄድ እናት አገር ጠርታው ነው ይሉኛል። እኔስ እናቱ አይደለሁም? እኔ ስጠራው ለምን አይመጣም?»

ስንደርስ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን ወደ አውሮፕላኑ ደግኖ ቆሟል። አዴ ጫልቱ ማይኩን እንደያዙ ደርቀዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ቀጭን ሰው፣ ከአዳራሹ እየሮጠ መጣ። ከኋላው ሴቶቹ። ያን ዕለት የተሰበሰቡት ልጆቻቸውን ለሚቀጥለው የውትድርና ዙር እንዲያቀርቡ ሊነገራቸው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መጥተው አውሮፕላኑን ከበቡት።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከባሌ ጋር።»

«ባልሽ እቤትሽ አይደለም የሚኖረው?»

«እቤቴ ነው።»

«ታዲያ ሬዲዮ ምን ያደርግልሻል?»

«እቤት አይሰማኝማ» አሉ አዴ ጫልቱ።

አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ።

የይለፍ ወረቀቴን አሳየሁ። አላመነም። ቁልፉን ተጭኜ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስል ባዶው አዳራሽ ውስጥ ማጉያው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ። ሕዝቡ አማተበ። ሊቀመንበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ ሦስታችንንም ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አስገብቶ በላያችን ቆለፈብን።

በዚያን ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ ሳይወጣ ይቀር ነበር። ኦቦ ለሜሳ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የጠቆሩ ጣቶቻቸውን ይፈትጉ ጀመር። በመጨረሻ፣

«አትሥራ ብትይኝ እኮ እተወው ነበር» አሉ።

«አትሥራ መቼ አልኩ? አናግረኝ ነው ያልኩት» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ምን ብዬ ላናግርሽ? ስሙን ከጠራሁት እሰበራለሁ ብዬ ነው እኮ።»

«አብረን እንሰበር ነበራ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ለሁለት ሰዎች ልተውላቸው የምችለው ይህን ብቻ ነበር።

በመስኮቱ ቀዳዳ ሴቶቹን አያቸዋለሁ። ወደ ቤታቸው አልሄዱም። አልጮኹም፣ አልተናገሩም፤ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ አልተነሡም። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሂዱ አላቸው፤ ቀና ብለው አዩትና እንደገና መሬቱን አዩ። በሦስተኛው ሲወጣ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ስለ ልጆቻቸው ለአውራጃው እንደሚያመለክት ነገራቸው። ከዚያ በሩን ከፈተልን። የእኔን ሬዲዮ መለሰልኝ፤ የኦቦ ለሜሳን ግን፣ «አውራጃው እስኪወስን እዚሁ ይቀመጣል» አለ። ለአውራጃው አመልክቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በማግስቱ ሥራዬን ጨረስኩ። አንቴናውን ሆዱ ላይ፣ ከጎማዎቹ ኋላ፣ ድንጋይ በማያገኘው ቦታ ተከልነው። የሠርጉን ትሪ ከጨርቁ ውስጥ ለክቼ ስገጥም ሥሩን የያዙልኝ አዴ ጫልቱ ናቸው። ጀርባው ላይ ቢሆን መሬት ላይ እያለ የተሻለ እንደሚሰማ ለኦቦ ለሜሳ ነገርኳቸው።

«ሆዱ ይሻላል። ከወጣሁ የሚሰማኝ ሰው ከታች ነው ያለው» አሉ።

«ሬዲዮህ እስኪመለስ ግን የትም አትወጣም» አሉ ባለቤታቸው። ያን ቀን ምሳ ሦስታችንም በላን።

መመለሻ

ጌዶ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አስተናጋጇ ሻይ እየቀዳች፣ «ከባኮ ነው የመጣሽው? አንዲት እናት በድምፅ ማጉያ አለቀሰች አሉ» አለችኝ። አልሰማሁም አልኳት። አምቦ አልጋ ያከራየችኝ ሴት ደግሞ፣ «ባኮ አውሮፕላን ራሱ ተናገረ አሉ፤ ሰው ሳይኖርበት» አለችኝ። ወሬው አውቶቡሱን ቀድሞት ይሄዳል። ጊንጪ ላይ አውሮፕላኑ በከተማው ላይ ሲዞር ያየ ሰው አገኘሁ፤ ቀለሙን ሳይቀር ነገረኝ። ማረም እችል ነበር፤ ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ።

አዲስ አበባ ስገባ መሽቶ ነበር። እህቴ በሩን ከፈተችልኝ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ትልቁ በዚያ ዓመት አሥራ ስምንት ሊሞላው ነው። ሳጥኔን ሳላስቀምጥ እጄን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰማይ ላይ የሴት ድምፅ ተሰማ አሉ። ልጆቻችን የት አሉ ብላ ጠየቀች አሉ። አንቺ በዚያ በኩል ነበርሽ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

አንቴና ሲተከል ከአጠገቡ ምን ሽቦ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ዞሮ ማየት እንደሚገባ ከዚህ ጉዞ ተምሬአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሳላይ የሠራሁበት ቀን የለም። ያን ቀን ባኮ ላይ አይቼው ቢሆን ኖሮ ግን አዴ ጫልቱ ለማን ይናገሩ ነበር?

በሩን ዘጋሁ። መስኮቱንም። እህቴን አስቀመጥኳትና ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ አዴ ጫልቱ ያሉትን አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።