ዓሣ ፍርድ ቤት አይቆምም

አጎቴ ኡሲ ሰላምታ ሲመልስ የተምር ፍሬ ከአፉ የሚተፋ ነው የሚመስለው። "ወአለይኩም" ይልና ቀሪውን ለራሱ ያስቀረዋል። እኛ መንደር፣ ኪዚምካዚ ውስጥ፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ባሕር ዳር እስኪደርስ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹስ፣ ሚስትህስ፣ የሚስትህ እናት ጉልበቷን ተሻላት ወይ ሲባባል ፀሐይ ትወጣበታለች። ኡሲ ግን ከደጁ እስከ ጀልባው እንደተወረወረ ድንጋይ ነው የሚሄደው። መንገዱ ላይ ከቆምክ ጥፋቱ ያንተ ነው።

ሥራው እንግዶችን በጀልባ ወስዶ ዶልፊን ማሳየት ነው። እንግዶቹን አይወዳቸውም፤ የሚቀቡት የፀሐይ ቅባት መቀመጫዬን አሙለጨለጨው ይላል። ዶልፊኖቹንም አይወዳቸውም፤ ሁልጊዜ የሚስቅ ፍጡር አንድ የሰረቀው ነገር አለ ይላል። እኔንም አይወደኝም፤ የእህቱ ልጅ ስለሆንኩ ነው እንጂ አንድ ቀን አያስጠጋኝም ነበር። እኔ መነጽሩንና የመተንፈሻውን ቱቦ ለእንግዶች አድላለሁ፣ የሚሉትን እተረጉማለሁ፣ ሲያስታውካቸው ጀርባቸውን እይዛለሁ። እነዚህ ሁሉ ግን ለኡሲ ቁንጫ ናቸው። የሚጠላው ማካሜን ነው።

ድሮ እኔ ሳልወለድ ዶልፊን የሚፈለገው ለካሜራ አልነበረም። ለሻርክ ማጥመጃ ነበር። በጦር ይወጋል፣ ይቆራረጣል፣ ሻርኩ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ያኔ ኡሲና ማካሜ አንድ ጀልባ ላይ ነበሩ፤ ኡሲ ጦር ወርዋሪ፣ ማካሜ መሪ። አንድ ቀን ኡሲ ትልቁን ወጋ። ማካሜ ቢላውን አውጥቶ የጦሩን ገመድ ቆረጠው። ምነው ሲባል እንደ ሕፃን አለቀሰብኝ አለ። ኡሲም የኔ ሕፃናት ማታ በረሃብ ሲያለቅሱ ጆሮህ የት ነበር አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡሲ የማካሜን ስም ጠርቶ አያውቅም። "ያ" ነው የሚለው። ያ መጣ። ያ ሞተር ቀየረ። ያ ዛሬ ሸሚዝ ለብሷል።

ይሄ ብቻ ቢሆን ያልፍ ነበር። ጊዜ ተገለበጠና ፈረንጆች ዶልፊን ለማየት ካገር አገር መጡ። ማካሜ የቆረጣት ገመድ እንጀራ ሆነችለት። አሸዋው ላይ ቆሞ ለእንግዶቹ ይተርክላቸዋል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያኖራል፣ "አለቀሰ" የምትለዋ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ውሃ ያቀርራል፤ ሁልጊዜ እዚያችው ጋ፣ እንደ ቧንቧ። ከዚያ አገጩን ወደኛ ጀልባ ያነሳና "ጦሩን የወረወረው ግን ያውላችሁ" ይላል። እንግዶቹ ዞር ብለው ኡሲን ያዩታል። ኡሲ ደግሞ ሰው ሲያየው የባሰ ገዳይ ይመስላል።

በኛ ዘንድ ጎረቤትን ፊት ለፊት መሳደብ ነውር ነው። ሴቶቹ ቂማቸውን ካንጋ በሚሉት መጎናጸፊያቸው ላይ በታተመ ተረት ይናገራሉ፤ የሚናደፈውን መርጠው ይለብሱና በባላንጣቸው ደጅ ይመላለሱበታል። ወንዶቹ የጀልባቸው ስም አድርገው ጀርባዋ ላይ ይጽፉታል። ማካሜ "ዶልፊን ይመስክር" ብሎ ጻፈ። ኡሲ "ምን አገባህ" ብሎ መለሰ። ማካሜ ፍቆ "ደም በሳሙና አይለቅም" አለ። መንደሩ ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ዓሣ ሊገዛ ሳይሆን ሊያነብ ነው።

ባለፈው ወር ግን ነገሩ ከቀለም አለፈ። ሁለቱ አንድ የዶልፊን መንጋ ላይ ሲሽቀዳደሙ ጀልባዎቹ ተላተሙ፣ መቅዘፊያ ተነሳ፣ አንዲት የእንግዳ ልጅ ግንባሯ ተቧጠጠ። የመንደሩ ሹም አባ አሜር ሁለቱንም የመንደሩ መሰብሰቢያ ዛፍ ሥር አስቀመጧቸው። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ እያንዳንዱን ቃል ከኪስ አውጥተው እንደሚያብሱ።

"ስም ጻፉ፣ አልከለክልም። ስም ስድብ አይደለም። ከእንግዲህ ግን በእናንተ ጠብ ባሕር ላይ እንግዳ ከተጎዳ፣ ጥፋተኛው ጀልባውን ከዚህ ዳርቻ ያነሳል።"

ማንሳት ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሌላው መንደር የራሱ ዳርቻ አለው፤ የኛን ሰው መልሕቅ አያስጥልም። ኡሲ ከዚህ ከተነሳ የሚቀረው ባሕሩ ሲሸሽ ከሴቶቹ ጋር ጎንበስ ብሎ በዱላ ኦክቶፐስ መውጋት ነው። ሴቶቹም ዕድሜ ልኩን ያልመለሰላቸውን ሰላምታ ባንድ ጠዋት ያስከፍሉታል። ይህን ስለሚያውቅ ወሩን ሙሉ ዝም አለ። ዝም ብሎ ቀለም ገዛ።

በወሩ መጨረሻ አንድ ማታ በቀይ ጻፈ፦ "ዓሣ ፍርድ ቤት አይቆምም።" ጠዋት ገና ሳይደርቅ ጀልባዋን ወደ ውሃ ገፋናት። ኡሲ የቸኮለው ያ እንዲያይለት ነበር፤ ማካሜ ግን በሌላ በኩል መጥቶ ሳያይ ቀረ።

እንግዶቻችን ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሴትዮዋ ሂልደ ትባላለች፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ትከሻዋ ግን የዋናተኛ ነው። ባልየው ገና አሸዋው ላይ ሳለ ፊቱ አረንጓዴ ሆኗል። መጀመሪያ የሄዱት ማካሜ ጋ ነው። የሱ ጀልባ ሞልታ ስለነበር ወደኛ ላካቸው። ሲልካቸው ምን እንዳላቸው ሴትዮዋ ራሷ ነገረችኝ፣ ሙገሳ መስሏት፦ "ከሱ ጋር ሂዱ፤ ዶልፊንን ከውስጥ ጀምሮ ነው የሚያውቀው።"

ለኡሲ አልተረጎምኩለትም። የማካሜን አፍ ከሩቅ አንብቦታል መሰለኝ፣ የሞተሩን ገመድ ሊበጥሰው ደረሰ።

ኩሲ፣ የደቡቡ ነፋስ፣ ገና አልበረታም ነበር። ከምድሩ ጫፍ ወዲያ ወጥተን ብዙም ሳንቆይ ክንፎቹ ብቅ አሉ፤ አምስት ስድስት ሆነው፣ ሰነፍ ሰነፍ እያሉ። ኡሲ ሞተሩን አጠፋ። ሴትዮዋ መነጽሯ ላይ ምራቋን ተፍታ አጠበች፣ ቱቦውን ነከሰች፣ ተንሸራታ ገባች። ከሥሯ እናትና ግልገል አለፉ። ራሷን ከውሃው ስታወጣ በቱቦው ውስጥ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አልለየሁም። ከዚያ እዚያው እየዋኘች ቱቦውን አውጥታ ወደ ጀልባው ጀርባ አየችና ምን ተብሎ ነው የተጻፈው አለችኝ። ነገርኳት። ዶልፊን እኮ ዓሣ አይደለም አለች። ለኡሲ ተረጎምኩለት።

"እሷም ዳኛ አይደለችም በላት" አለኝ።

ጥሩ ጠዋት ነበር ማለት ይቻላል። ያኔ ነው የማካሜ ጀልባ የመጣችው።

ኡሲ ተነሳ። እኔ ዶልፊኖቹን ሊጠብቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሞተሩን አስነስቶ ጀልባዋን ቀስ ብሎ አዞራት፣ ቀዩ ጽሑፍ ማካሜ ፊት እንዲሆን። ማካሜ ወደ ሰማይ አየ። ኡሲ በግራ ዞረ። ማካሜ ጎንበስ ብሎ የሌለ ውሃ ከጀልባው መቅዳት ጀመረ። ኡሲ በቀኝ ዞረ። ማካሜ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋና ማፏጨት ያዘ። ሁለት ሽማግሌዎች ባሕር መሃል፣ አንዱ ቂጡን እያዞረ፣ አንዱ ፊቱን እያዞረ። ባልየው እያስታወከ ነው። እኔ ወላሂ እየሳቅኩ ነበር።

አንብብ፣ አንብብ እያለ በጥርሱ ውስጥ ያጉረመርማል አጎቴ። በመጨረሻ ሙሉ ክብ ዞረውና የማካሜ እንግዶች ጣታቸውን ወደ ጽሑፉ ቀሰሩ፤ ማካሜ ባርኔጣውን አነሳ፤ አነበበ። ኡሲ ደስታውን እንኳ ሳይጨርስ ባልየው ቀና ብሎ "ሂልደ?" አለ።

ውሃው ላይ ማንም የለም።

ባሕሩ እየሸሸ ነው፤ በሚሸሽበት ሰዓት ጫፉ ጋ ያለው ወራጅ ውሃ ሰውን እንደ ቅጠል ይዞ ይሄዳል። ይህንን ኡሲ ጥርስ ሳያበቅል ነው ያወቀው። ለዚህ ነው ዋናተኛ ውሃ ውስጥ ካለ መሪው ዓይኑን የማይነቅለው። እሱ ግን ዓይኑን ለቀለሙ ሰጥቶታል። ወደ ኮራሉ አለት ሄድን፣ የለችም። ወደ ጥልቁ ሄድን፣ የለችም። ዶልፊን ብቅ ባለ ቁጥር ባልየው ይጮሃል።  እኔ ስቄ እንደነበር ትዝ አለኝ።

"አጎቴ" አልኩት፣ "የነሱ ጀልባ ከኛ ከፍ ትላለች። ከላይ ያያሉ። ጥራው።"

አልሰማኝም መሰለኝ። ደግሜ ስለው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። እንደ ተጠመደ ዓሣ ነበር። ከዚያ፣ እኔ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን፣ ድምፁ ተሰንጥቆ ጠራ።

"ማካሜ!"

ማካሜ ጀልባዋን ረጋ ብሎ አዞራት። ሂልደ እዚያ ተቀምጣለች፣ በማካሜ ፎጣ ተጠቅልላ፣ አናናስ እየበላች። እኛ ጽሑፉን ለማሳየት ስንዞር ነው በወዲያኛው ጎኑ ያነሳት። ቆይቷል።

ጀልባዎቹ ተጠጉ። ሴትዮዋ ወደኛ ስትሻገር ማካሜ በአንድ እጁ፣ ኡሲ በአንድ እጁ ያዟት፤ መሃል ላይ ዓይናቸው ተጋጠመ። ማካሜ አንድ ቃል ቢናገር ይሻል ነበር። ፎጣዬን መልሱ ብቻ አለኝ፣ ለኔ።

ዳርቻው ላይ አባ አሜር ቆመው ነበር። ወሬ ከጀልባ ይፈጥናል። ባልየው እያለቀሰም እየተሳደበም ነበር፤ ተርጉም ሲሉኝ ማለዘብ ብሞክርም እጆቹ ይናገሩበታል። አባ አሜር ኡሲን አላዩትም። ማካሜን ጠየቁት፣ ይቺን እንግዳ ያነሳኸው አንተ ነህ፣ እንዴት አገኘሃት፣ ጥፋት አየህ ወይ አሉት።  ኡሲ መልሕቁ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያያል። የማካሜ አፍ ብቻ ነው የቀረው። አንዲት ቃል ብቻ፣ ኡሲ ነገ ኦክቶፐስ ወጊ ነው።

"ምንም አላየሁም" አለ ማካሜ። "እመቤቲቱ ጀልባዬን ልያት ብላ መጣች። አናናስ ሰጠኋት።"

አባ አሜር ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አልሐምዱሊላህ ብለው ሄዱ። እሳቸው ሞኝ አይደሉም፤ የሚመሰክር ከሌለ ግን የሚፈረድ የለም።

ኡሲ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር አለ ለእህቱ፣ ለናቴ ማለት ነው፤ እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። እኔ ደግሞ አላስቻለኝም፣ ማካሜን መረቡን ሲጠግን አግኝቼ ለምን እንደዋሸ ጠየቅኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

"እሱ ከሄደ ለማን ልጻፍ?" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የማካሜ ጀልባ አዲስ ስም ነበራት። ፊደሉ እንደ በር ትልቅ፣ በሰማያዊ፦ "የጣልከውን አነሳሁ።" መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አንዷ ሴትዮ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ማንበብ ለማይችሉት ብላ፤ ሁሉም ማንበብ ይችላሉ።

ኡሲ መጥቶ አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ወደ ጀልባችን ሄዶ ቀዩን ጽሑፍ በቢላ ፋቀው፣ እንጨቱ እስኪነጭ። ከዚያ የቀለም ቆርቆሮ ከፍቶ ብሩሹን ይዞ ተቀመጠ። ብሩሹ እጁ ላይ ደረቀ። ምን ይጽፋል? እውነት ነው፣ ጥሏታል። እውነት ነው፣ ያ አንስቷታል። ማታ ቆርቆሮውን ከድኖ ገባ። በማግስቱም እንደዚሁ። ጀልባችን ስም የሌላት ብቸኛ ጀልባ ሆነች፣ እኔም ሰዎች እንዳይጠይቁኝ በጓሮ መሄድ ጀመርኩ።

ማካሜ ግን በጓሮም አገኘኝ። ምን ሊጽፍ ነው አለኝ። ምንም አልኩት። እንዴት ምንም፣ እያሰበ ይሆናል አለ። ሳምንት አለፈ፤ አሁንም ያዘኝ። ፊቱ ከስቷል። ሚስቱ እንቅልፍ እንደሌለው፣ ማታ ማታ ተነስቶ በባትሪ የጀልባችንን ጀርባ እንደሚያይ ነገረችኝ። "ምን ማለቱ ነው ባዶ?" ይላል ማካሜ እጅጌዬን ይዞ። "ንቆኝ ነው? ከኔ ጋር አልነጋገርም ማለቱ ነው? ንገረው፣ ስድብም ቢሆን ይጻፍ።"

ይህን ለኡሲ ወሰድኩለት፤ የማካሜን ድምፅ፣ የእጅጌ አያያዙን፣ ሁሉንም ጨምሬ አሳየሁት። የሞተሩን ካንዴላ እያጸዳ ነበር። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ ከጥርሱ አንዱ ታየ፤ ፈገግታ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፣ አይቼው አላውቅምና።

"በባትሪ?" አለኝ።

"በባትሪ።"

ካንዴላውን አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ በእግሩ ወደኔ ገፋው።

"ነጭ ግዛ" አለኝ። "ጀርባዋን በደንብ ቀባልኝ። ባዶው ከሩቅ እንዲታይ፣ ደርበው።"