ሞተሩ ያልተከፈተ መኪና ይዤ ወደ ውጫሌ

ደሴ፣ ጠዋት 1:30

ስልኩ የተደወለው ቁርስ ሳንቀምስ ነው። የአክስቴ የዘሀራ ልጅ ከአምባሰል ደውሎ «ዛሬ ሱብሂ ላይ አረፈች» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና ፊቴን አይታ ሳልነግራት ገባት። የነበረቻት እህት አንዲት ናት፤ እሷም ዘሀራ። ጮሃ አላለቀሰችም፤ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፊቷን ሳላይ አፈር እንዳያለብሷት በልልኝ።»

በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ጀናዛ አይቆይም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ረፋዱ ላይ ቀብረው ይጨርሱ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ሽማግሌዎቹን አማክሮ መልሶ ደወለ። «ለእናትህ ሲባል ዙህር ድረስ እንጠብቃለን፤ ሶላቱ እንዳለቀ ግን ትወጣለች» አለኝ። ዙህር ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከደሴ ውጫሌ ስልሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንደራቸው ግማሽ ሰዓት በእግር። ጊዜ ሞልቶን ነበር።

«መናኸሪያ ወርደን ሚኒባስ እንያዝ» አለች እናቴ።

«መኪና እያለኝ?» ብዬ ተቆጣኋት። ለቅሶ ቤት በራሴ መኪና መድረስ አምሮኝ ነበር። አሁን ምን ይደረጋል፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ቦሩ ሜዳ፣ 2:40

ሜዳው በጉም ተሸፍኖ መብራት አብርተን አለፍን። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱአ ላይ ናት። እስቲ እዚህ ላይ ስለ መኪናዬ ላውራ።

ከገዛኋት ስድስት ዓመቷ ነው። ሻጩ ያኔ «ሞተሩ አልተከፈተም፣ ጌጁም ገና ሰባ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው» አለኝ። በአገራችን ለአሮጌ መኪና ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም። ያልተከፈተ፣ ማለትም ለጥገና ተፈቶ የማያውቅ ሞተር ዋጋ ያወጣል፤ የተከፈተ ግን «ተነካክቷል» ይባልና ገዢ ፊቱን ያዞርበታል። እኔም አንድ ቀን ስሸጣት ይህንኑ ልናገር ብዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ መፍቻ ሳላስነካ ኖርኩ።

መካኒኬ ጋሽ አበራ ዘይት ሊቀይሩልኝ ኮፈኑን በከፈቱ ቁጥር ይነዘንዙኝ ነበር። «የታይሚንግ ችንጋውን እንቀይረው። የሞተሩን ላይና ታች አያይዞ በልክ የሚያስዞረው እሱ ነው። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም አምስት ስድስት ዓመት፣ ቀድሞ የሞላው ነው የሚያዘው። አንተ ደግሞ ያገለገለ መኪና ነው የገዛኸው፤ ያለፈውን አታውቅ፣ የገዛህ ዕለት መቀየር ነበረብህ።»

«ኪሎ ሜትሩ አልሞላም» እላቸዋለሁ።

«ችንጋው ጎማ ነው፤ ጎማ እኮ ቆሞም ያረጃል፣ ሰይድ!»

«ሞተሩ ተከፈተ ከተባለ ማን ይገዛኛል?»

«የችንጋ ሽፋን ማንሳትና ሞተር መክፈት አንድ ነው እንዴ?» ብለው ይስቁብኛል። እኔ ግን ልቤ ደረቅ ነው፤ ዘይቱን አስቀይሬ እሄዳለሁ።

ሐይቅ ከተማ፣ 3:25

ለለቅሶ ቤት ስኳርና ቡና ለመግዛት ቆምን። በመንገዱ ዳር የሐይቁን ዓሣ ይጠብሳሉ፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ገባ፣ እናቴ መስኮቷን ዘጋች። ባለሱቁ ስኳሩን እየመዘነ በበሩ አሻግሮ መኪናዬን ያያል።

«ትሸጣታለህ እንዴ?»

«ዋጋ ካገኘሁ። ሞተሯ አልተከፈተም» አልኩት። የአክስቴ ጀናዛ ቤት ተጋድሞ እኔ ሐይቅ ላይ ቆሜ መኪና አሻሽጣለሁ! እናቴ ጥሩምባውን ባታስጮኸው ኖሮ ወሬውን እቀጥለው ነበር።

ከሐይቅ ወዲያ፣ 4:05

ከተማውን ለቀን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን የአምባሰል ተራራ ከጉሙ ወጥቶ ታየ። እናቴ በጣቷ እያሳየች «እሷና እኔ እዚያ ስር ነው እንጨት የምንለቅመው» አለችኝ። አፏን ሳትዘጋ ከፊታችን ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ትልቅ ድምፅ አይደለም፤ ቅል የተሰበረ ያህል ነው። ሞተሩ ጸጥ አለ፣ መሪው ከበደኝ፣ እንደምንም ዳር አስያዝኳት።

ቁልፉን አዞርኩ። ሌላ ጊዜ እያጓራ የሚታገለው ሞተር አሁን ምንም እንዳልያዘው ፊርር ብሎ ይሽከረከራል፣ አይነሳም። ደግሜ ሞከርኩ። ሠለስኩ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም።

በዚህ መሐል አንድ ሚኒባስ ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ውጫሌ! አንድ ሰው!» አለ።

እናቴ ጥቁር ፌስታሏን ይዛ፣ በሩን ከፍታ፣ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳርፋ ነበር። «ልጄ፣ እኔ በዚህ ልሂድ። አንተ ቀስ ብለህ ትደርሳለህ።»

«ቆይ እማ፣ ነዳጅ ነው የዘጋው። አሁን ይነሳል።»

«አሁን?»

«ወላሂ አሁን ይነሳል አልኩሽ!»

አመነችኝ። እግሯን መልሳ አስገባች፣ በሩንም ዘጋች። ሚኒባሱ ሄደ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ «ብቻዋን መላኩ ከብዶኝ ነው» ብዬ መልሻለሁ። ውሸቴን ነው። በመኪናዬ ይዣት ወጥቼ በሰው መኪና መድረሷ ነው ያሳፈረኝ።

እዚያው፣ 6:00

የውጫሌ ገበያ ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለፈው ሚኒባስ ሁሉ ሰው እስከ በሩ ጠቅጥቆ፣ እጃችንን ስናወዛውዝ ጥሩምባ እያሰማ አለፈን። እኔ ቁልፉን ሳዞር፣ እናቴ ፀሐይዋን ሽቅብ እያየች ሰዓት ስትለካ፣ ሁለት ሰዓት ሄደ።

በመጨረሻ የቆመልን ማሽላ የጫነ አይሱዙ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ የጎን ሽፋኑን በመፍቻ ፈትቶ እጁን ሰደደና የተበጠሰ ችንጋ ጎትቶ አወጣ። ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ እንደ ቋንጣ ደርቋል።

«ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ከተበጠሰ በኋላ ሞተሩን እያዞርከው ነበር?»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

ሾፌሩ ችንጋውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «ውስጡ ያለቀው ገና ሲበጠስ ነው፤ ቫልቩ ከፒስተኑ ተጋጭቷል። አንተ ደግሞ በላዩ ላይ ጨመርክበት» አለኝ። እናቴን ጋቢና አስቀመጣት። እኔ ከማሽላው ላይ ወጣሁ።

ከውጫሌ በታች፣ 7:30

አይሱዙው ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ነው የወጣው። ውጫሌ ወርደን በገበያተኛው መሐል እየተጋፋን የእግር መንገዱን ጀመርን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ያን ቀን ግን ከፊቴ ትሄድ ነበር። የመንደሩ ዛፎች መታየት ሲጀምሩ ወንዶቹ አካፋና ዶማ ተሸክመው በቀጭኑ መንገድ ሲመጡ አየናቸው። የሚመጡት ከመቃብሩ በኩል ነው። እናቴ ቆመች።

«አብሽሪ እህቴ» አሏት ከመሐላቸው አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው። «ጠብቀንሽ ነበር። ከሶላቱም በኋላ ጥቂት ቆየን።»

እናቴ አልፋቸው ሄደች። ቤት ገባችና ዘሀራን ያጠቧትን ሴቶች ፈልጋ መሐላቸው ተቀመጠች።

«ፊቷ እንዴት ነበር?» አለቻቸው።

«ያማረ፣ አልሐምዱሊላህ። የተኛች ነው የምትመስል።»

ሁለተኛዋንም ጠየቀች። ከዚያ ሦስተኛዋን። እየተነገራት ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ያ ሚኒባስ ገና አምስት ሰዓት ላይ ውጫሌ ያደርሳት ነበር፤ እያነከሰች እንኳ ብትሄድ ከዙህር በፊት እህቷ ራስጌ ነበረች።

ደሴ፣ መመለሻ

እኛ በማግስቱ በሚኒባስ ተመለስን። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ መጣች። ጋሽ አበራ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርደው የተጣመሙትን ቫልቮች ጠረጴዛ ላይ ደረደሩልኝ። «አሁን ተከፈተልህ» አሉኝ፤ ግን አልሳቁም። የፍሬኑን ፔዳል ጎማ አሳዩኝ፣ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። «ሰባ ሺህ የሄደ መኪና ፔዳል ይህን ይመስላል? ጌጁን ወደ ኋላ መልሰውልህ ነው የሸጡልህ።» አዲሱን ችንጋ ከነመወጠሪያውና ከውሃ ፓምፑ ጋር ቀየሩት። ችንጋ ከመበጠሱ በፊት አይናገርም፤ ስለዚህ አንባቢዬ፣ ያገለገለ መኪና ከገዛህ ጌጁንም ሻጩንም አትስማ፣ ዛሬውኑ ቀይር።

ከጉዞው የተማርኩት ግን ይህ ብቻ ቢሆን በታደልኩ።

የአክስቴ የአርባ ቀን ሰደቃ ሲደርስ መኪናዬን አሳጥቤ፣ ከደጅ አሙቄ ጠበቅኳት። «እማ፣ አሁን አዲስ ናት። ሁሉም ነገር ተቀይሯል» አልኳት።

«አላህ ይባርክልህ» አለች። ፌስታሏን አንስታ በመኪናዬ አጠገብ አልፋ ቁልቁል ወደ መናኸሪያ ወረደች። መኪናዋን ትቼ በእግሬ ተከተልኳት። ስደርስ ረዳቱ «ውጫሌ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። እናቴ ሮጣ ገባች።