ድምፁን የሰማሁት እኔ ነበርኩ

ሰው ሁሉ ምላሰኛ ይለኛል። አልዋሹም። ባሌን ትቼ አሰላ አባቴ ቤት የተመለስኩት በዚሁ አፌ ነው፤ በየቢሮው በር ላይ የተጣላሁትንማ ቤት ይቁጠረው። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ አንቺ ልጅ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትዪ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ዝም አልኩ። የአባቴን ዓይን ያጠፋው ያ ቀን ነው። አሁን አባቴ ከሞቱ ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ እኔም ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጡና ሲበይዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ጓሯችን ውስጥ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ግራይንደራቸውን ከጠረጴዛ ጋር አስረው የገበሬውን ማጭድና መጥረቢያ፣ መኸር ሲደርስ ደግሞ የኮምባይነር ቢላ መሳል ያዙ። እኔም ከትዳሬ ስመለስ ሥራ ከምፈታ ብዬ አብሬያቸው ቆምኩ። ሴት ልጅ እዚያ ብረት መሀል ምን ትሠራለች ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ መልሳቸውን ከእኔ አግኝተዋል።

ግራይንደሩ ላይ አዲስ የመሳያ ድንጋይ መግጠም እሳቸው ዘንድ ሥርዓት ነበረው። በመጀመሪያ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ከሞተሩ ጋር ያስተያያሉ፤ ሞተሩ ከበለጠ ድንጋዩ ወደመጣበት ሱቅ ይመለሳል። ቀዳዳው ለሞተሩ ዘንግ ከሰፋ ቶርኖ ቤት ወስደው ልክክ የሚል የብረት ቀለበት ያሠሩለታል። አንዴ እኔ አጉል ብልጥ ሆኜ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጬ ዘንጉ ላይ ልጠቀልል ስል ደርሰው ቀሙኝ፤ ይሄ ነገር ሲዞር ጥይት ነው፣ በጎማ አይታሰርም ብለው ተቆጡኝ። በድንጋዩ ግራና ቀኝ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት የሱቅ ማስታወቂያ መስሎት የሚልጥ ሰው ካዩማ ቀኑን ሙሉ ይናደዳሉ። ወረቀቱ ከግራና ቀኝ የሚያጣብቀው ብረት ድንጋዩን እንዳይነክሰው ትራስ ነው ይሉ ነበር። ዳዶውንም በልኩ ነው የሚያጠብቁት፣ ጉልበት ማሳየት የለም። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው፣ ወደ ጎን ቆመው አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደግሙ ድረስ ማንም ፊት ለፊቱ አይቆምም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ማንኳኳት ነው። ድንጋዩን በቀዳዳው ጣታቸው ላይ አንጠልጥለው በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ ቀስ አድርገው ይመቱታል። ደህና ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ ከተሰነጠቀ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው። እናቴ ገበያ ላይ እንስራ ስትገዛ በጣቷ ቀጭ ቀጭ አድርጋ እንደምትመርጠው ማለት ነው። ስንጥቁ በዓይን አይታይም፣ የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው።

ጆሯቸው ደግሞ ሄዷል። ከመዶሻ ጋር የኖረ ጆሮ ምን ይቆያል! እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ግን አይነሣም። ሬዲዮው ጎረቤት እስኪያማርር ይጮኻል፤ ቀንሱት ስንላቸው ጣቢያው ደካማ ነው ይላሉ። ስንነግራቸው ካልሰሙን ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እሳቸው እንደሚሉት ልጆቻቸው ሁሉ ማንሾካሾክ ለምደናል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኛ ቤት ዝምታው ነቅዞ አልቆ ነበር።

ያን ቀን የሁሩታው ወዳጃቸው የኮምባይነር ቢላዎች አስይዘው መጡ። ከልጅነት ጀምሮ በኦሮምኛም በአማርኛም ሲቀላለዱ የኖሩ አብሮ አደጋቸው ናቸው። ከበሩ ሆነው ሦስት ጊዜ ሰላም ሲሉ አባቴ ዞር አላሉም። እንግዳው ሳቁና ትከሻቸውን መታ አድርገው፣ ወዳጄ ደነቆርክ እንዴ አሏቸው። ለቀልድ ነው፤ ክፋት የለውም። የአባቴ ፊት ግን ሲጠቁር አየሁት።

አሮጌው ድንጋይ አልቆ ስለነበር አባቴ በዚያው ከአዳማ ያስመጣነውን አዲሱን አወጡ። እንግዳው፣ ኮምባይነሩ ማሳ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ ብለው ተጣድፈዋል። አባቴ ድንጋዩን ጣታቸው ላይ አንጠልጥለው አንኳኩት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ድፍን አለ። ደግመው መቱት፣ አሁንም ድፍን አለ። እንግዳው ስልካቸውን ይነካካሉ። አባቴ ቀና አሉና "ይኸው፣ ደወል ነው" አሉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እኚህ ሰው አሁን በወዳጃቸው ፊት አንዴ አፍረዋል፤ እኔ ልጃቸው ልድገማቸው? ሁለት ቢላ ብቻ ነው፣ እንግዳው ሲሄዱ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ይሉኝታ ይሙት! ለዓለም ሁሉ የማይመለስ ምላሴ እዚያች ላይ ታሰረ።

ቀለበቱን አስገቡ፣ ዳዶውን በልኩ አጠበቁ፣ ወደ ጎን ቆመው ጸሎታቸውን ደገሙ። ድንጋዩ በሰላም ዞረ። እኔም ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ተነፈስኩ። የመጀመሪያው ቢላ እንደነካው ፈነዳ። ስባሪው መነጽራቸውን ሰብሮ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሆስፒታል ስናደርሳቸው ዓይኑ አይተርፍም ተባልን።

አባቴ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው ጥፋታቸውን ያምኑ ጀመር። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ፣ ጆሮዬ ሞቶ ሳለ ደብቄ በራሴ ላይ አመጣሁት ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የደበቁትን ነገር ለመንደሩ ሁሉ አወጁት። ግራይንደሩን አስነቅለው ለአንድ በያጅ ሰጡ፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በአንድ ዓይን መንገድ ያያሉ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ አብዝቼ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ደግሞ እኔን ያባብላሉ።

እነግራቸዋለሁ እያልኩ ወራት ሄዱ። ብነግራቸው ጥፋቱ የጆሯቸው ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ፣ ሸክማቸው ይቀላል። በኋላ የዐቢይ ጾም ቅበላ ደረሰ። እኛ ቤት ጾም ከመያዙ በፊት ታናሽ ታላቁን እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃል። ይሄን ቀን ነው የምጠብቀው ብዬ የምናገረውን ሳጠና ሰነበትኩ። ቅበላ ዕለት ገና ከወንበሬ ልነሣ ስል አባቴ ግድግዳውን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ በቤታችን አይቼ አላውቅም።

"ልጄ፣ ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ። ስባሪው አንድ ስንዝር ቢዞር አንቺን ነበር የሚያገኘው። የማይሰማ ጆሮ ይዤ ሰማሁ ብዬ ልገድልሽ ነበር። ይቅር በዪኝ።"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ያቺ አንድ ዓይናቸው ከንፈሬን ትጠብቃለች። ሰምቼ ነበር ብላቸው፣ ለካስ ልጄ አዝናልኝ ነው ዓይኔን ያጣሁት ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ወይም ለራሴ ነው የፈራሁት፤ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እግዜር ይቅር ይበልዎ አልኩ፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ።

እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። "ምን አልሽ?"

"ይቅር ብዬዎታለሁ!" ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩ። እፎይ አሉና ግንባሬን ሳሙኝ።