ያልተንቀጠቀጠው ወንበር

ባለወፍጮው ጆሮው ወፍጮ ቤት ቀርቷል። ሠላሳ ዓመት እህል ሲፈጭ ኖሮ ሥራውን ሲተው መስማቱ አብሮት አልወጣም። ሰው ሲያናግረው ከንፈር ያያል፤ ሚስቱ ስትፈልገው ጠረጴዛውን በቡጢ ትመታለች፣ እሱም በክርኑ ይሰማታል። ሞተርንም የሚሰማው እንደዚያው ነው። መዳፉን ያሳርፍበትና «አንዱ ሲሊንደር አኩርፏል» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም፣ ጉድ እኮ ነው!

እንግዲህ በጓሮው ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን የሠራው ይህ ሰው ነው። አራት ዓመት ፈጀበት። ሚስቱ «እኔ በቁሜ እዛ ላይ አልወጣም!» ብላ ምላለች።

የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ የመብረር ፈቃድ ከለከለ። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለው ሞተር ሲነሳ ወንበሩም፣ መሪውም፣ የመለኪያዎቹ ቀስትም ይንዘፈዘፋል። «ጋሼ፣ ይሄ ውሎ አድሮ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ እመለሳለሁ» አለው።

ባለወፍጮው ሞተሩ ያረፈባቸውን አራት የጎማ ካውቾዎች በለስላሳ ቀየረ። መንቀጥቀጡ ፍንክች አላለም። ብሎኑን አጠበቀ፣ ባሰበት። በመጨረሻ ሞተሩን አስነስቶ እያንዳንዱን ብረት በመዳፉ ዳሰሰ። ለካ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር በብረት ታስሯል፣ መንቀጥቀጡ የሚያልፈው በዚያ ነው! በሩን ቆልፎ መስኮቱን መክፈት ማለት ይሄ ነው። ያሰረው ደግሞ ራሱ ነው፣ እንዳይላላ ብሎ። ፈታውና ከሞተሩ ጋር ብቻ አሰረው።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ሞተሩን አስነስቶ አየ፣ ፈረመ።

ባለወፍጮው እየሳቀ ወንበሩ ላይ ወጣ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ጠፋ!» አለ።

ሞተሩ ግን ሰፈሩን በጩኸት አናግቶታል። ባለወፍጮው ወንበሩን ነካ፣ መሪውን ነካ፤ ምንም የለም። ያኔ ገባው። መንቀጥቀጡን ሲያጠፋ የሚሰማበትን ጆሮ አብሮ አጥፍቶታል። ሰማይ ላይ ሞተሩ ቢያኮርፍ በምን ሊያውቅ ነው?

«ቀስቷን ያዩላ» አለ ተቆጣጣሪው።

«ቀስት የሚናገረው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው።» ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «መልሼ ልሰረው ይሆን?» አላት ሚስቱን።

«ካሰሩት ፈቃዱን እቀደዋለሁ» አለ ተቆጣጣሪው።

ሚስቱ ቤት ገባች። ትራስ ይዛ ተመለሰች፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ጣለችውና እያጉረመረመች ወጥታ ተቀመጠች። «ምን ታፈጥብኛለህ አንተ ሰውዬ? አስነሳው!»

አስነሳው። እሷም የሞተሩን ድምፅ እየሰማች ጉልበቱን በቡጢዋ መታ መታ ታደርግ ጀመር፣ እንደ ጠረጴዛው።

«እጄ ካቆመ ሞተሩ ቆሟል ማለት ነው» አለችው፣ ከንፈሯን እንዲያይ ወደ እሱ ዞራ።

ወንበሩ ጸጥ ብሏል፤ የእሷ እጅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለወፍጮው ተሰማው፣ መዳፉን አሳረፈበት።