ለጋሽ ሰይድ የመረጥኩት ሚስማር መምቻ

ባለፈው ሳምንት የኮሌጃችን ግዥ ክፍል አንድ ቅጽ ላከልኝ። ለእንጨት ሥራ ወርክሾፑ ባለ ባትሪ ሚስማር መምቻ ሊገዛ ስለታሰበ ዝርዝሩን ሙላ ይላል። የሚስማሩ ርዝመት፣ የባትሪው ጉልበት፣ ባትሪው አንዴ ተሞልቶ ስንት ሚስማር እንደሚመታ፣ የዋስትናው ጊዜ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳጥኖች ሞላሁና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በሃያ ስድስት ዓመቴ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ሞልቼ እመልሰው ነበር። ያኔ ስለ መሣሪያ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ተመርቄ ሸዋ ሮቢት የእንጨት ሥራ መምህር ሆኜ ስመደብ፣ ስለ ከተማዋ ሙቀት የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ከሻንጣዬ የከተተችውን ወፍራም ሹራብ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ የለበስኩት ወደ ደብረ ሲና ሽቅብ ስጓዝ ብቻ ነው። የተከራየሁት ክፍል ጋሽ ሰይድ ከሚባሉ አናጺ ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሽ ሰይድ ስድሳን አልፈዋል፣ ሲናገሩ ቁጥብ ናቸው፣ ሥራቸው የቤት ማሳመሪያው ነው። ቤት ተገንብቶና ተለስኖ ካለቀ በኋላ የሚገባውን እንጨት፣ የበርና የመስኮቱን ክፈፍ፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን የሚሸፍነውን ዞኮሎ፣ የኮርኒሱን ዙሪያ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። «ግንበኛ ያጠፋውን የምንሸፍነው እኛ ነን» ይሉ ነበር። ቅዳሜና እሑድ አብሬያቸው እውል ነበር፤ መጽሐፍ የማያስተምረውን እጃቸውን እያየሁ እማር ነበር።

ግንቦት ላይ ትልቅ ሥራ መጣ። ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የሽንኩርትና የማንጎ ነጋዴ፣ በአጣዬ መውጫ በኩል ያሠሩት ቤት አልቆ የቀረው የጋሽ ሰይድ ድርሻ ነበር። ሐጂ የልጃቸው ኒካህ ከረመዳን በፊት እዚያ ቤት ውስጥ እንዲደረግ ፈልገዋል። ጋሽ ሰይድ ሥራውን በያዙ ማግስት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ማንጎ ስንበላ እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ ያን በባትሪ ሚስማር የሚመታውን ማሽን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። ምነው ጋሽ ሰይድ፣ የአንቱን መዶሻ የመሰለ ከየት ይመጣል ብለው ነው?»

«አርጅቷል» አሉ።

መዶሻውን ማለታቸው መሰለኝ።

መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ዘመን ስለነበር በአየር ግፊት የሚሠራውን፣ ባለ ኮምፕሬሰሩን መግዛት ትርፉ መብራት ጥበቃ ነው። ባለ ባትሪው ግን መብራት በመጣ ጊዜ ይሞላል፣ በሄደ ጊዜ ይሠራል። ምን ዓይነት ልምረጥ ብላቸው፣ የማንጎውን ፍሬ እየጋጡ «የማይከዳ ይሁን። ሌላውን አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ይህ ቃል አናቴ ላይ ወጣ። መርካቶ እስክደርስ ድረስ፣ ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ አውቶቡሱን ውጦት በኤሊ ፍጥነት ስንጎተት እንኳ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ መመዘኛ እጽፍ ነበር።

መርካቶ ያገኘሁት ሱቅ ውስጥ ሻጯ መነጽር ያደረጉ እናት ነበሩ። ሁለት ማሽን አወጡልኝ። አንዱ ትልቅ፣ ባትሪው ጡብ የሚያክል፣ ረጅም ሚስማር ጠንካራ እንጨት ውስጥ የሚሰምጥ ነበር። ሌላው ትንሽ ነው፤ የሚወስደው ቀጭን ሚስማር፣ ባትሪውም ቶሎ የሚያልቅ።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለባለሙያ ነው» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። «በአካባቢው ወደር የላቸውም።»

በውዳቂ ጣውላ ላይ ትልቁን ሞከርኩት። ሚስማር አንዴም አልተቀረቀረበትም፣ ሁሉንም እስከ አንገቱ አስገባ። ትንሹን ሁለቴ ብቻ ተኩሼ አስቀመጥኩት። ትልቁን ገዝቼ፣ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ይዤው ተመለስኩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ደስ አለው። ዞኮሎ የሚመታው መሬት ተቀምጦ ነው፤ ማሽኑ ክብደቱን ለወለሉ ይሰጣል። ጋሽ ሰይድ ክፍል በክፍል ጨረሱት፣ ሐጂም መጥተው በእጃቸው እየዳበሱ «ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ ኮርኒሱ ተጀመረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጋሽ ሰይድ መወጣጫው ላይ ቆመው፣ በግራ እጃቸው የዋንዛውን ክፈፍ ከጣሪያው ጋር ደግፈው፣ በቀኛቸው ማሽኑን ከራሳቸው በላይ አነሱት። ሁለት ሚስማር ገባ። ሦስተኛው ላይ የማሽኑ አፍ ወደ ጠርዝ ተንሸራተተ፤ ሚስማሩ እንጨቱን በጎን ሰንጥቆ ወጣና የግራ እጃቸውን ጣት ቀደደው። ማሽኑን ከእጃቸው ተቀበልኩና ደግፌ አወረድኳቸው። ደማቸው አዲሱ ወለል ላይ ተንጠባጠበ። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። በመሐረቤ ሳስርላቸው ግን ያልቆሰለው፣ ቀኝ እጃቸው፣ እንደ ሸንበቆ ቅጠል ሲርገፈገፍ አየሁ። እንዳየሁ አዩና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ያኔ ብዙ ነገር ባንዴ ገባኝ። በቅርብ የሠሯቸው በሮች ላይ የመዶሻ ስህተት የሚሸፍን ስቱኮ መብዛቱ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ሻያቸውን ሁልጊዜ እስከ ብርጭቆው ግማሽ ብቻ የሚቀዱት ለምን እንደሆነ። ሰውዬው ማሽን የፈለጉት ለፍጥነት አልነበረም፤ ሚስማሩን ራሱ የሚይዝላቸው ነገር ፈልገው ነው። ለማንም አልተናገሩም፤ በትንሽ ከተማ እጁ ይንቀጠቀጣል የተባለ አናጺ በማግስቱ ሥራ አያገኝም።

ሐጂ ኑሩ ጩኸት ሰምተው ገቡ። «አንተ ሰይድ፣ ምን ሆንክ?»

«ሐጂ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ወለሉን እያዩ፣ «ኮርኒሱን ለሌላ ሰው ስጠው።»

«ለሌላ? ምነው?»

እኔ ቀደምኩ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ማሽኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይሄ ለወለል እንጂ ወደ ላይ ተነሥቶ የሚሠራበት አይደለም።»

«ታዲያ አንተ ምኑን ተምረህ ነው ልጆቻችንን የምታስተምረው?» አሉኝ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ቀለም ቀቢዎች ሳቁ። ቢሆንም የጥቂት ቀን ጊዜ ለመንኳቸው፤ እያጉረመረሙ ሰጡን።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጋሽ ሰይድ «ስለ እኔ ብለህ ዋሸህ» አሉ።

«አልዋሸሁም። ማሽኑን ለአንቱ ብዬ አልመረጥኩትም፤ እኔ ባነሳው ደስ የሚለኝን ነው የመረጥኩት።»

የመንገዱን ዳር የማሽላ ማሳ እያዩ፣ «እንግዲያው አሁን ለኔ ምረጥልኛ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ የዘይት ጀሪካን፣ ሦስት ሊትር የሚይዘውን፣ በውኃ ሞላሁና በቀኝ እጃቸው ከራስ በላይ እንዲያነሱት ጠየቅኋቸው። ሐፍረት የሚሰማቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንጨት እንደሚለኩ ሆነው፣ ትኩር ብለው አነሱት። ክንዳቸው ወዲያው ተርገፈገፈ።

«ቀንስ» አሉ።

ከላዩ አፈሰስኩ። «አሁንስ?»

«ቀንስ።»

እትዬ ዘሃራ በር ላይ ቆመው ያያሉ። «አፈሰስከው እኮ ውኃውን፣ ቲማቲሙ ሥር አድርገው እንጂ!» አሉኝ። ጋሽ ሰይድ ፈገግ አሉ። በአራተኛው ጊዜ ጀሪካኑን አንሥተው፣ እኔ እስከ ሠላሳ ስቆጥር ያዙት። እጃቸው መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ግን ከቦታው አልሄደም። «ቢስሚላህ፣ ይሄን እችላለሁ» አሉ። ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ትልቁን ማሽንና ጀሪካኑን ከነውኃው ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሻጯ ሴትዮ ጀሪካኑን ሲያዩ «ምንድን ነው ልጄ፣ ጠበል ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ለማን ነው ብዬህ ነበር» አሉ እንጂ አልወቀሱኝም። ጀሪካኑን ሚዛን ላይ አደረግነው፣ ከዚያ ትንሹን ማሽን ከነባትሪው። ማሽኑ በትንሹ ቀለለ። ማስፈንጠሪያው ልስልስ ነበር፣ አፉም ቀጭን በመሆኑ ሚስማሩ የሚያርፍበት ቦታ በግልጽ ይታያል። እነዚህን መጀመሪያ ቀን ደብተሬ ላይ አልጻፍኳቸውም። ትልቁን መልሰው ወስደው ትንሹን ሰጡኝ።

የቀረኝ ሥጋት ቀጭኑ ሚስማር ያን ከባድ ዋንዛ ይይዘዋል ወይ የሚል ነበር። ጋሽ ሰይድ ይህን ስነግራቸው የሳቁትን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። «ልጄ፣ የሚይዘው ኮላው ነው። ሚስማሩ ኮላው እስኪደርቅ ብቻ ዘብ ይቁም።» እንዳሉትም ሆነ። ኮላ እየቀቡ፣ ባትሪው ሲያልቅ ሻይ እየጠጡ፣ እጃቸው ሲደክም እየወረዱ፣ የሐጂን ቤት ከኒካሁ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ጨረሱ። በኒካሁ ቀን ሐጂ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ይሄ የሰይድ እጅ ነው» ብለው ወደ ኮርኒሱ ሲጠቁሙ፣ ጋሽ ሰይድ ሩዛቸውን አቀርቅረው ይበሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ማሽን ለዓመታት ሠሩ። እኔም ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ፤ እሳቸውም አረፉ። ስለ እጃቸው አንድም ቀን አንሥተን አላወራንም። እንዳወቅሁ ያውቃሉ፣ እንደሚያውቁም አውቃለሁ፤ በዚሁ ዘጋነው። አንዳንዴ ባዋራቸው ይሻል ነበር ወይ እላለሁ፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ማለት ይቻል ነበር። ያን አለማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቅጹን እስካሁን አልመለስኩም። የግዥ ክፍሉ ልጅ ትናንት ደውሎ ምን አዘገየህ አለኝ። ዘንድሮ ከማስተምራቸው አንዷ ግራኝ ናት፣ አንዱ ደግሞ ክንዱ ተሰብሮ በቅጡ አልገጠመም። ይህን የነገረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት። ለደወለው ልጅ ይህን ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም። «መጀመሪያ ተማሪዎቹን ላናግር» አልኩት።

«ስለ ማሽን ተማሪዎቹ ምን ያውቃሉ?» አለኝ።

ስለ ማሽን ምንም አያውቁም፤ ስለ እጃቸው ግን ከእኔ ይሻላሉ።